በእጅ የሚሠሩ የጃፓን ጣፋጮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዋጋሺ መሥራት መማር የሚፈልጉ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ይህንን ነው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ዋጋሺ የሚባለው ምኑ ነው?

ዋጋሺ የጃፓን ባህላዊ ጣፋጮች የጋራ ስም ነው። የአውሮፓ ኬክና ብስኩት ጃፓን በብዛት ከመግባቱ በፊት ጀምሮ ሲሠሩ የኖሩ፣ ዛሬም ከሻይ ጋር የሚቀርቡ ናቸው። ቅቤ፣ ክሬምና ወተት እምብዛም አይገባባቸውም። መሠረታቸው ጥራጥሬ፣ ሩዝ፣ ስኳርና ካንተን ነው። ካንተን ከባሕር ተክል የሚወጣ፣ ፈሳሽን የሚያረጋ ነገር ነው።

ጃፓኖች በያዙት የውኃ መጠን በሦስት ይከፍሏቸዋል። 30 በመቶና ከዚያ በላይ ውኃ ያለው ናማጋሺ ነው። ከ10 እስከ 30 በመቶ ያለው ሃንናማጋሺ፣ ከ10 በመቶ በታች ያለው ደረቁ ደግሞ ሂጋሺ ይባላል። ይህን ክፍፍል ገና ከጅምሩ ያዙት። የትኛው ዛሬውኑ መበላት እንዳለበት፣ የትኛው ደግሞ ሳምንታት እንደሚቆይ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ቦሎቄ እንዴት ጣፋጭ ይሆናል? ደግሞስ ይጥማል?

እኛ ቦሎቄን የምናውቀው በንፍሮና በወጥ ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። ጥራጥሬው በደንብ ከበሰለና ከስኳር ጋር ከተማሰለ በኋላ አንኮ የሚባል ለስላሳ ሊጥ ይሆናል። አፍ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ከዚያ ይሟሟል። ከጣፋጩ ኋላ ስስ የጥራጥሬ ጣዕም ይቀራል። ቅባት ስለሌለው አፍ ላይ አይከብድም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው ብቻውን አይብላው። ዋጋሺ የተሠራው መራራ ነገር አጠገቡ እንዲኖር ታስቦ ነው። በሻይ ሥነ ሥርዓት መጀመሪያ ጣፋጩ ይበላል፣ ከዚያ ማቻ የሚባለው አረንጓዴ የሻይ ዱቄት ተበጥብጦ ይጠጣል። ማቻ ከሌለ ስኳር ያልገባበት ቡና በጣም ይሄዳል። እንዲያውም ለእኛ ሰው ከማቻ ይልቅ ቡናው ይቀላል ባይ ነኝ።

ከየትኛው ብጀምር ይሻላል?

ኢንተርኔት ላይ የሰውን ዓይን የሚይዙት ነሪኪሪ የሚባሉት ናቸው። በአበባ፣ በቅጠል፣ በወፍ ቅርጽ የሚሠሩት ማለት ነው። ሰው ሁሉ ከእነሱ መጀመር ይፈልጋል። እኔ አልመክርም። ነሪኪሪ አብዛኛው ክፍሉ የነጭ ቦሎቄ አንኮ ነው። አንኮው ካልተሳካ እጃችሁ የቱንም ያህል ቢካን አበባው አያምርም፣ አይጥምምም።

እኔ የምመክረው ይህ ነው። መጀመሪያ አንኮ ብቻ ሥሩ፤ እጃችሁ እስኪለምደው ደጋግሙት። ከዚያ ኦሃጊ ይምጣ። ኦሃጊ በከፊል የተወቀጠ የሚጣበቅ ሩዝ በአንኮ ተሸፍኖ የሚበላ ነው፤ ጃፓን ውስጥ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ይሠራል። ቅርጹ ትንሽ ቢዛነፍ ማንም አይታዘብም። ቀጥሎ ሚዙ ዮካን፣ ማለትም በካንተን የረጋ ለስላሳ አንኮ። ከዚያ አንኮን በስስ የሩዝ ሊጥ መጠቅለል የሚያስተምረው ዳይፉኩ። ነሪኪሪ ከዚህ ሁሉ በኋላ ሲመጣ እጃችሁ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ያለ ልዩ ዕቃና ያለ ጃፓን ዱቄት አሁኑኑ ልሠራው የምችለው አለ?

አለ፤ በበሶ የሚሠራ። ራኩጋን የሚባል ደረቅ ጣፋጭ አለ። ዱቄትና ስኳር በቅርጽ ማውጫ ተጨቁኖ የሚሠራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሩዝ ዱቄት ይገባበታል። ጉንማ ክፍለ ግዛት ውስጥ ያለችው ታተባያሺ ከተማ ግን የምትታወቀው ከተቆላ ገብስ ዱቄት በሚሠራው ራኩጋን ነው። የተቆላ ገብስ ዱቄት ደግሞ በሶ ነው፤ ከቤታችሁ አይጠፋም።

60 ግራም የተፈጨ ነጭ ስኳር ውሰዱ። አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ውኃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ በጣታችሁ ፈትጉት። ስኳሩ እኩል ሲርስ 50 ግራም በሶ ጨምሩና ሁሉንም በወንፊት ንፉት። በእፍኛችሁ ስትጨብጡት ቅርጹን ይይዛል፣ በጣት ስትነኩት ይፈርሳል። ያኔ ልክ ነው። የማይይዝ ከሆነ ሁለት ሦስት ጠብታ ውኃ ጨምሩ። ትንሽ የብስኩት ማውጫ ውስጥ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ጨቁኑት፣ ገልብጡት፣ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ እንዲደርቅ ተዉት። በጃፓን ማውጫው ከቼሪ እንጨት የሚፈለፈል ነው። ካናዛዋ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1625 የተመሠረተው የሞሪሃቺ ጣፋጭ ቤት ከ1,000 በላይ የሚሆኑ አሮጌ ማውጫዎቹን ለሕዝብ ያሳያል። እንዲህ ዓይነቱን ማውጫ የሚፈለፍሉ ባለሙያዎች ግን ዛሬ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ምን ምን ዕቃ ልግዛ?

ከሁሉ በፊት ዲጂታል ሚዛን። 25 ግራም እና 30 ግራም ሁለት የተለያዩ ነገሮች የሆኑበት ሥራ ስለሆነ በሲኒና በማንኪያ መስፈር አያዋጣም። ሌላው ከቤት አይጠፋም፦ ወፍራም ድስት፣ ረጅም ማማሰያ፣ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ስቴኪኒ።

ነሪኪሪ ላይ ስትደርሱ የሚያስፈልገው አንድ ዕቃ ባለሦስት ጠርዝ እንጨት ነው። አንዱ ጠርዝ ስለታም፣ አንዱ ዱልዱም፣ አንዱ ደግሞ ጥንድ መስመር የሚያወጣ ነው። የአበባውን ቅጠሎች መለያያ እሱ ነው። እስክታገኙት ድረስ የቢላ ጀርባ ይበቃል። ሙሉ የዕቃ ስብስብ ለመግዛት አትቸኩሉ።

የሩዝ ዱቄቶቹ ግራ ያጋባሉ። ሁሉም አንድ አይደሉም?

አይደሉም። ትልቁ ልዩነት የሩዙ ዓይነት ነው። የሚጣበቅ ሩዝ አለ፣ ተራ ሩዝ አለ። ሺራታማኮና ሞቺኮ ከሚጣበቀው ሩዝ ይሠራሉ። ሺራታማኮ በውኃ ተፈጭቶ የደረቀ ስለሆነ ጎጥ ጎጥ ይላል፤ ሊጡ ግን በጣም ልስልስ ይሆናል። ሞቺኮ ደቃቅ ነው፤ ትንሽ ከበድ ያለ ሊጥ ይወጣዋል። ጆሺንኮ ከተራ ሩዝ የሚሠራ ሲሆን ሲታኘክ ጠንከር ይላል።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ከእስያ ሸቀጥ መደብር የሚጣበቅ የሩዝ ዱቄት ብትገዙ በሞቺኮ ምትክ ይሠራል። ተራውን የሩዝ ዱቄት ገዝቶ ዳይፉኩ ለመሥራት መሞከር ግን ድካም ነው። የቱንም ያህል ብታሹት አይለጠጥም። አዲስ አበባ ያለ ሰው የሚጣበቀውን ዱቄት ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ማስመጣት ይችላል። ዱቄቱ ደረቅ ነው፣ ሻንጣ ውስጥ አያስቸግርም።

አንኮ እንዴት ነው የሚሠራው?

ይህን ጥያቄ ረዘም አድርጌ የምመልሰው ትምህርቱ ያለው እዚህ ስለሆነ ነው። 250 ግራም አዙኪ፣ ትንሹን ቀይ ቦሎቄ ማለት ነው፣ አጥባችሁ በብዙ ውኃ ጣዱ። መዘፍዘፍ ግድ አይደለም። ከፈላ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆዩና ውኃውን ድፉት። ያ ቀላ ያለ ውኃ ምላስ የሚይዘውን ጣዕም ይዞላችሁ ይሄዳል። አዲስ ውኃ ጨምራችሁ በዝግ እሳት ቀቅሉ። አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። መብሰሉን የምታውቁት አንዷን ፍሬ በአውራ ጣትና በትንሿ ጣት መሃል ይዛችሁ ነው። በትንሿ ጣት ደካማ ጉልበት ልፍስፍስ ካለች በስላለች። መሃሏ ትንሽ እንኳ ከያዘ ገና ናት። ስኳር የሚገባው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። ቀድሞ ከገባ ፍሬው ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ ሰዓታት ብትቀቅሉት አይለሰልስም።

ፍሬው እየታየ የሚቀረው ጹቡአን ከፈለጋችሁ ውኃውን አጥልላችሁ ከ200 እስከ 250 ግራም ስኳር ጨምራችሁ አማስሉ። ልጡ የወጣለትን ኮሺአን ከፈለጋችሁ ደግሞ የበሰለውን ፍሬ በወንፊት ላይ ውኃ እያፈሰሳችሁ እሹት። ልጡ ላይ ይቀራል፣ ደቃቁ ወደ ታች ይወርዳል። ደቃቁ ሲዘቅጥ የላይኛውን ውኃ ድፉ፤ ንጹሕ ውኃ ጨምራችሁ ሁለት ሦስቴ ድገሙት። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጭመቁት። ጨርቁ ውስጥ የሚቀረው እርጥብ አመድማ ዱቄት ስኳር ጠብቆ የተቀመጠ አንኮ ነው። በብሌንደር አሳጥረን እንሥራው የሚሉ አሉ። የቦሎቄው ስታርች ሲበስል በረጋ ፕሮቲን ተሸፍኖ ደቃቅ ቅንጣት ይሆናል፤ ያ ዱቄት ዱቄት የሚለው ስሜት የሚመጣው ከእሱ ነው። ብሌንደር ቅንጣቱን ሲሰብረው ሊጡ ይሙለጨለጫል፣ ይጣበቃል።

ስኳሩ ከገባ በኋላ ከድስቱ አትራቁ። መሃል ላይ እንደሚበስል ገንፎ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይተፋል፣ ክንድ ያቃጥላል፤ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ። የድስቱን ታች በማማሰያ ስትጠርጉት መስመሩ ለአፍታ ክፍት ሆኖ ከቆየ፣ ዘግናችሁ ስትጥሉት ደግሞ ቁልል ብሎ ከቀረ ደርሷል። ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ስለሚጠነክር ጥቂት ቀደም ብላችሁ አውርዱት። ድስቱ ውስጥ አትተዉት፤ የድስቱ ሙቀት ማብሰሉን ይቀጥላል። ትሪ ላይ በትንንሽ ቁልል አውጡትና ቶሎ ይብረድ። በመጨረሻ ቁንጥር ጨው ብትጨምሩ ጣፋጩ ይጎላል።

አዙኪ ካላገኘሁ በምን ልተካው?

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው መልሱ ነጭ ቦሎቄ ነው። ጃፓኖችም ነጩን አንኮ የሚሠሩት ከዚሁ የቦሎቄ ዝርያ ነው። በስምጥ ሸለቆ የሚመረተው፣ ለውጭ ገበያ የሚላከው ትንሹ ነጭ ቦሎቄ በሚገባ ይሠራል። ከመልካሳ ምርምር ማዕከል የወጡት እንደ አዋሽ 1 እና አዋሽ መልካ ያሉት ዝርያዎች ከዚሁ ምድብ ናቸው። ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ልጡ ይበዛል፤ ስለዚህ በወንፊት ማሳለፉን አትዝለሉት።

ነጭ ቦሎቄ እንደ አዙኪ በቀጥታ አይጣድም። አንድ ሌሊት ዘፍዝፉት፣ የዘፈዘፋችሁበትን ውኃ ድፉ፣ ከዚያ በአዲስ ውኃ በደንብ አፍልታችሁ ቀቅሉ። ጥሬ ወይም በከፊል የበሰለ ቦሎቄ ሆድ በኃይል ያውካል። ቀይ ቦሎቄም ይቻላል፤ ጣዕሙ ግን ከአዙኪ ይከብዳል። ባቄላን ለጀማሪ አልመክርም፤ ሽታው በስኳር አይሸነፍም።

ለጾም ይሆናል? ለሙስሊምስ?

አብዛኛው ለጾም ይሆናል። አንኮ፣ ዮካን፣ ዳይፉኩ፣ ኦሃጊ፣ ነሪኪሪ ከእንስሳ የተገኘ ነገር የለባቸውም። ጾም በበዛበት አገራችን ለጾም የሚሆን ጣፋጭ ለሚፈልግ ቤት ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ጥንቃቄ የሚፈልጉ አሉ። ዶራያኪ የሚባለው በሁለት ቂጣ መሃል አንኮ የሚደረግበትና ካስቴላ የሚባለው ኬክ እንቁላል አለባቸው። ኪሚሺጉሬ የሚባለው ደግሞ አንኮው ውስጥ የእንቁላል አስኳል ይገባበታል። የዘመኑ ዳይፉኩ ክሬም የተሞላ ሊሆንም ይችላል፤ ተገዝቶ የመጣ ከሆነ ጠይቁ።

ለሙስሊም አንባቢ ሁለት ነገር ልጥቀስ። ሳካማንጁ የሚባለው ሊጡ የሚነሣው ከሩዝ መጠጥ በሚገኝ እርሾ ነው። አንዳንድ ማጣፈጫዎች ላይም ሚሪን የሚባል አልኮል ያለበት የሩዝ ቅመም ይገባል። ቤት ውስጥ ሲሠራ ሁለቱንም መተው አያስቸግርም።

ስኳሩ በዛብኝ። በግማሽ ልቀንሰው?

በግማሽ አትቀንሱት። ስኳሩ የሚሠራው ለማጣፈጥ ብቻ አይደለም። ውኃውን ይዞ አንኮው እንዳይደርቅና ቶሎ እንዳይበላሽ ያደርጋል። በሩዝ ሊጥ ውስጥ ደግሞ ሊጡ በማግስቱ ድርቅ እንዳይል የሚጠብቀው እሱ ነው። የዳይፉኩ ሊጥ ላይ ስኳር ብታሳንሱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጠነክርባችኋል።

ዛሬ የሚበላ ጹቡአን ላይ 20 በመቶ ያህል ብትቀንሱ ችግር የለውም። የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ግን ዋጋሺ ቦሎቄ ስለሆነ ጉዳት የለውም ማለት አይቻልም። ስኳሩ እውነተኛ ስኳር ነው፤ ሩዙም ቶሎ ወደ ስኳር ይለወጣል።

በካንተን ፈንታ ጄላቲን ይሆናል?

አይሆንም። ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ይወጣል፤ ለጾም አይሆንም፣ ከአሳማ የተገኘም ሊሆን ይችላል። ጠባዩም ሌላ ነው። ካንተን ካልፈላ አይሟሟም፤ አንዴ ከረጋ ግን በክፍል ሙቀት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጄላቲን ሞቃት ቀን ላይ ጠረጴዛ ላይ ይቀልጣል። አጋር አጋር እየተባለ የሚሸጠው ዱቄት ለምግብ የተዘጋጀ እስከሆነ ድረስ ይሠራል። ለላቦራቶሪ የሚሸጠውን ግን አትንኩት።

ለሚዙ ዮካን 4 ግራም የካንተን ዱቄት በ500 ሚሊ ሊትር ውኃ በትኑና እያማሰላችሁ ሁለት ደቂቃ አፍሉ። 500 ግራም ኮሺአን ጨምሩ፣ እንደገና አንድ ጊዜ ይፍላ፣ አውርዱት። እዚህ ላይ ሰው ይቸኩላል። ትኩሱን ወዲያው ቅርጽ ውስጥ ካፈሰሳችሁት አንኮው ይዘቅጥና ከላይ ውኃማ፣ ከታች ጭቃማ ይሆናል። ድስቱን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስቀምጡና በዝግታ አማስሉ። ማማሰያው ትንሽ ሲከብዳችሁ፣ ዳርዳሩ ሊረጋ ሲያስብ፣ ያኔ አፍስሱት።

ነሪኪሪ እንዴት ነው የሚሠራው?

300 ግራም ነጭ አንኮ በዝግ እሳት እያገላበጣችሁ እርጥበቱን አስወጡ። በእጃችሁ ጀርባ ስትነኩት የማይጣበቅ ሲሆን በቂ ነው። ለብቻው 10 ግራም ሺራታማኮ በ20 ሚሊ ሊትር ውኃ ፍቱና ከ10 ግራም ስኳር ጋር አብስሉት፤ ብርሃን የሚያሳልፍ የሚለጠጥ ሊጥ ይሆናል። ትኩሱን ከአንኮው ጋር እሹት። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ላይ በትንንሹ ቆራርሳችሁ ዘርጉ፣ ሰብስባችሁ እሹ፣ እንደገና ቆራርሱ። ሙቀቱ እስኪወጣ ይህን ደጋግሙት። በእያንዳንዱ ዙር ሊጡ ሲነጣና ሲለሰልስ ታያላችሁ።

የሚጣበቅ የሩዝ ዱቄት የሌለው ሰው የኪዮቶን መንገድ ይያዝ። ኮናሺ ይባላል። ነጭ አንኮ ላይ ከ8 እስከ 10 በመቶ የሚሆን የስንዴ ዱቄት ይቀላቀላል፣ በእንፋሎት ግማሽ ሰዓት ያህል ይበስላል፣ ከዚያ ትኩሱን ይታሻል። ኪዮቶዎች ትንሽ የሩዝ ዱቄትም ይጨምሩበታል፤ ያለሱም ግን ይያዛል። ቦሎቄ፣ ስኳርና የፉርኖ ዱቄት ካላችሁ አዲስ አበባ ላይ ሙሉ በሙሉ ይሠራል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2022 ነሪኪሪንና ኮናሺን አንድ ላይ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ አድርጋ መዝግባቸዋለች።

ስቀርጸው ይሰነጠቃል፣ ወይም እጄ ላይ ይጣበቃል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ከተሰነጠቀ ደርቋል ማለት ነው። ነሪኪሪ ከአየር ጋር ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ፊቱ ይደርቃል። ስለዚህ የማትሠሩበት ሊጥ ሁልጊዜ በላስቲክ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈን። የደረቀውን በውኃ በነካ እጅ ብታሹት ይመለሳል። የሚጣበቅ ከሆነ ደግሞ አንኮው እርጥበቱ አልወጣም። ዱቄት አትነስንሱበት፤ መልሳችሁ እሳት ላይ አድርቁት። እጅ ላይ ዘይት መቀባትም አያስፈልግም። ከጎን እርጥብ ጨርቅ አስቀምጡና በየመሃሉ እጃችሁን ጥረጉ።

አጠቃለሉ ላይ አብዛኛው ሰው ሊጡን ወደ ላይ ይጎትታል፣ ያኔ ይቀደዳል። 28 ግራም የውጭ ሊጥ በመዳፍ ጠፍጥፉ፤ መሃሉ ወፈር፣ ዳሩ ሳሳ ይበል። 17 ግራም የአንኮ ኳስ መሃሉ ላይ አድርጉ። በግራ እጅ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት፤ የቀኝ አውራ ጣት ኳሱን ወደ ታች ይጫነዋል፣ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ ሊጡን ወደ ላይ ይሰበስቡታል። በእያንዳንዱ ዙር ሊጡ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይወጣል። አፉ ሲጠብ በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ ዝጉት፣ ገልብጡት፣ በመዳፎቻችሁ አድቦልቡሉት። ቀለም ከውስጥ ፈክቶ እንዲታይ ከፈለጋችሁ በነጩ ሊጥ ስር ትንሽ ሮዝ ሊጥ አድርጉ፤ ነጩ በሳሳበት በኩል ሮዙ ይወጣል። ለቀለሙ የስቴኪኒ ጫፍ ላይ የነካ ብቻ ይበቃል።

ስንት ቀን ይቆያል? ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል?

ዳይፉኩና ሌላው የሩዝ ሊጥ በዕለቱ ይበላል። ፍሪጅ ውስጥ ስታርቹ ይደርቅና ይጠነክራል። ነሪኪሪ በደንብ ተሸፍኖ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን ያህል ይቆያል። አንኮ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ወር ይቆያል። ስለዚህ ቅዳሜ ብዙ አንኮ ሠርቶ በየ200 ግራሙ አሽጎ ማስቀመጥ ሥራ ያቀላል።

ሞቺ፣ ማለትም ከሚጣበቅ ሩዝ የሚሠራው ሊጥ፣ እና ዳይፉኩ ለትንንሽ ልጆችና ለአዛውንቶች ስትሰጡ በትንንሹ ቆርጣችሁ ስጡ። ጃፓን ውስጥ በየዓመቱ በአዲስ ዓመት ሰሞን ሞቺ ጉሮሮአቸውን ዘግቶ ሕይወታቸው የሚያልፍ አረጋውያን አሉ።

በየወሩ ቅርጹ ለምን ይቀያየራል? ሁሌ የምወደውን አበባ ብሠራስ?

ቤታችሁ የፈለጋችሁትን ሥሩ፤ የሚከለክል የለም። በሙያው ግን ወቅት ዋናው ነገር ነው። መጋቢት ላይ የቼሪ አበባ፣ ግንቦት 5 በኦክ ቅጠል የተጠቀለለው ካሺዋ ሞቺ፣ መጸው ላይ የቀላ የሜፕል ቅጠልና ክሪሳንተመም ይመጣል። ወሮቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ኪዮቶ ውስጥ ሰኔ 30 ሚናዙኪ ይበላል። ነጭ ባለሦስት ማዕዘን ሆኖ ከላዩ አዙኪ ይደረደርበታል። ሦስት ማዕዘኑ በሞቃቱ ወቅት የበረዶ ቁራጭን ያስታውሳል፣ ቀዩ ፍሬ ደግሞ ክፉ ነገርን ያርቃል ይባላል። ጣፋጩ ከወቅቱ ትንሽ ቀድሞ ነው የሚወጣው። አበባው ሜዳ ላይ ከረገፈ በኋላ በሳህን ላይ ማቅረብ ደስ አይልም።

እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ስምም አለው። ስሙ ብዙ ጊዜ ከግጥም ወይም ከአንድ ቦታ ትዝታ ይወሰዳል። በኪዮቶ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የተመሠረተውና እ.ኤ.አ. በ1869 ንጉሠ ነገሥቱን ተከትሎ ቶክዮ የገባው ቶራያ፣ እ.ኤ.አ. በ1695 የተዘጋጀ ባለቀለም የጣፋጭ ሥዕል መዝገብ እስከ ዛሬ ይዟል። የዚያን ዘመን ደንበኛ ከሥዕሉ መርጦ ያዝዝ ነበር።

ጃፓን ሄጄ መማር እችላለሁ?

እንደ ጎብኚ ቀላል ነው። ኪዮቶ ውስጥ እንደ ካንሹንዶ ያሉ የቆዩ ጣፋጭ ቤቶች ለእንግዳ አጭር ትምህርት ይሰጣሉ። ጥቂት ጣፋጭ ሠርታችሁ በማቻ ትበላላችሁ። ካናዛዋና ማትሱኤም በጣፋጭ የታወቁ ከተሞች ናቸው። እዚያ የሚሰጣችሁ ግን የተዘጋጀ ሊጥ ነው። ቅርጹን ታያላችሁ፣ ድስቱን አታዩም። ቤታችሁ አንኮ ሠርታችሁ የሄዳችሁ እንደሆነ ከባለሙያው የምትጠይቁት ነገር ይኖራችኋል፤ ጉዞውን ያን ጊዜ አድርጉት።

ሙያ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ሌላ መንገድ ይጠብቀዋል። ለምሳሌ የቶክዮ ሴይካ ትምህርት ቤት የ2 ዓመት የዋጋሺ ትምህርት አለው። ትምህርቱ በጃፓንኛ ስለሆነ ቋንቋው ቀድሞ መያዝ አለበት። ከዚያ በኋላ በጣፋጭ ቤት ለዓመታት ተቀጥሮ መሥራት ይመጣል። መጀመሪያ የሚሰጣችሁ ሥራ ዕቃ ማጠብና ቦሎቄ መልቀም ሊሆን ይችላል። መንግሥት የሚሰጠው የዋጋሺ ሙያ ፈተና 2ኛ እና 1ኛ ደረጃ አለው። የሥራ ፈቃድ ጉዳይ ከትምህርቱ ይልቅ ሊያስቸግር ስለሚችል ከመመዝገባችሁ በፊት ኤምባሲውን ጠይቁ።

የአደይ አበባ ነሪኪሪ ብሠራ ዋጋሺ ይባላል?

ይህን የሚጠይቁ ሰዎች ሊጡን አሳምረው መሥራት የጀመሩ ናቸው፤ ጥያቄው ደስ ይለኛል። የእኔ መልስ አዎ ነው። ጃፓን ውስጥም እያንዳንዱ አካባቢ የሚቀርጸው ደጁ ላይ ያለውን ወንዝ፣ ተራራና አበባ ነው። መስከረም ላይ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ያላየውን የቼሪ አበባ ከፎቶ ከሚገለብጥ ደጁ ያለችውን አደይ ቢሠራ ለሙያው ይበልጥ ይቀርባል። አሠራሩን ግን አትለውጡት። አንኮው አንኮ ይሁን፣ መጠኑ በሁለት ሦስት ጉርሻ የሚያልቅ ይሁን፣ ስሙንም እናንተ አውጡለት። ቅቤ ክሬም ከገባበት ሌላ ጣፋጭ ሆኗል፤ ሌላ ስም ስጡት።

ለአደይ የሚሆነውን ቢጫ በእርድ አታውጡት፤ የእርዱ ጣዕም ይገባበታል። የምግብ ቀለም ተጠቀሙ። ድቡልቡሉን ከላይ በትንሹ ተጫኑት፣ ባለሦስት ጠርዙን እንጨት በስለታም በኩል ይዛችሁ ከመሃል ወደ ዳር ስምንት ቦታ ከፋፍሉት፣ የእያንዳንዱን ቅጠል ጫፍ በጣት ሳብ አድርጉ። ለመሃሉ ጥቂት የጠቆረ ቢጫ ሊጥ በጥቅጥቅ ወንፊት ግፉትና የወጣውን ክር በስቴኪኒ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ለእንቁጣጣሽ ከሆነ ነጩን አንኮ ከዋዜማው ሁለት ቀን ቀድማችሁ ሥሩ፤ ቅርጹን ግን በዕለቱ ጠዋት።